«ቻይ» ማለት ምን ማለት ነው? ፍጹም መልካምነትና ሁሉን ቻይነት

ለቅሶ ቤት ነው። የእድሩ ድንኳን ግቢው ውስጥ ተተክሏል፤ ወንዶቹ አግዳሚው ላይ፣ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ፍራሹን ከበው ተቀምጠዋል። የሞተው የስድስት ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ጥግ ይዛለች፤ የቀረበላትን ንፍሮ አልነካችም። አንዲት ባልቴት ጎረቤት እጇን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ቻይው እንጂ፤ ሁሉን ቻይ እሱ ያጽናሽ» አሏት። እናትየዋ ቀና ሳትል፣ «እኔስ አልቻልኩም እማማ፤ እሱ ይቻለው» አለች።

በሩ ጋ ቆሜ ነበር። በዚያች አጭር ንግግር ውስጥ አንድ ግሥ አራት ጊዜ ተመላለሰ። ባልቴቷ መጀመሪያ ያሉት «ቻይው» ትእዛዝ ነው፤ ታገሺው፣ ተሸከሚው ማለታቸው ነው። ቀጥለው ያሉት «ሁሉን ቻይ» ግን የአምላክ ስም ነው፤ የሚሳነው የለም ማለት ነው። ለሴት የሚሰጠው ትእዛዝና የፈጣሪ ስም በፊደልም በአነጋገርም አንድ ሆነው ተገኙ። እናትየዋ ደግሞ በመልሷ ሁለቱን ትርጉም አንድ ላይ ጠቀለለቻቸው። «እሱ ይቻለው» ስትል አቅም ያለው እሱ ነው ማለቷ ነው ወይስ ሐዘኑን እሱ ይሸከመው ማለቷ? ሁለቱንም ይመስለኛል።

እዚህ የምመረምረው ጥያቄ በዚያች ቃል ላይ የቆመ ነው፦ ፍጹም መልካም የሆነ አካል ሁሉን ቻይም ሊሆን ይችላል ወይ? ይህን ጥያቄ ከቅርብ ዘመዱ መለየት ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን የምናውቀው «እግዚአብሔር መልካምም ኃያልም ከሆነ ክፋት ለምን ኖረ?» የሚለውን ነው፤ አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ጄ. ኤል. ማኪ በ1955 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ አዲስ ያፋፋመውን ክርክር ማለቴ ነው። (ዓመታቱን፣ ለይቼ ካላመለከትኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ያኛው ጥያቄ ዓለምን አይቶ የሚነሣ ነው፤ ድርቅና ወረርሽኝ ባይኖሩ ባልተነሣ ነበር። የእኛው ግን በምድር ላይ አንዲት እንባ ባትፈስም ይነሣል፤ የሚጠይቀው ሁለቱ ባሕርያት በአንድ አካል ውስጥ አብረው ማደር መቻላቸውን ነውና።

ክርክሩ እንዲህ ይሄዳል። ሁሉን ቻይ የሆነ አካል ሊደረግ የሚችለውን ሁሉ ማድረግ ይችላል። አራት ማዕዘን ያለው ክብ መሥራት ከዚህ አይቆጠርም፤ ቃሉ ራሱ የተጋጨ ስለሆነ ሊደረግ የሚችል ነገር አልተጠቀሰም። መዋሸት፣ ቃል ማፍረስ፣ ንጹሑን ማሠቃየት ግን የተጋጩ ቃላት አይደሉም፤ ሰው በየቀኑ ያደርጋቸዋል። ፍጹም መልካም የሆነ አካል፣ ማለትም በአጋጣሚ ወይም በልማድ ሳይሆን በባሕርይው መልካም የሆነ፣ ከእነዚህ አንዱንም ሊያደርግ አይችልም። እንግዲያስ ተራ ሰው የሚችለውን አንድ ነገር እርሱ አይችልም። ከሁለቱ ስሞች አንዱ ሊወድቅ ነው።

ከጥንታውያኑ መልሶች ሁሉ ስመ ጥሩ የአንሰልም ነው። በኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ይህ መነኩሴ በ1077 እና በ1078 ኖርማንዲ ውስጥ በቤክ ገዳም ሳለ በጻፈው «ፕሮስሎጊዮን» ሰባተኛ ምዕራፍ ላይ፣ መዋሸትም መበላሸትም መቻል አቅም ሳይሆን የአቅም ማነስ ነው ይላል። እነዚህን የሚችል ሰው በቻለ ቁጥር ክፋትና መከራ በእርሱ ላይ የበለጠ ሥልጣን ያገኛሉ፤ «ይችላል» የምንለው በአፍ ልማድ ነው። በእኛ አነጋገር ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ብርጭቆ መሰበር ይችላል እንላለን፤ ሰው መታመም ይችላል እንላለን። ሰዋስዉ የችሎታ ነው፣ የተነገረው ግን ድክመት ነው። የማይሰበር ብርጭቆ አንድ ችሎታ ጎደለው የሚል የለም። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ቶማስ አኩዊናስ በ«ሱማ ቴኦሎጂኤ» አንደኛ ክፍል ሃያ አምስተኛ ጥያቄ ላይ ይህንኑ መንገድ ይዞ፣ ኃጢአት ከፍጹም ሥራ መጉደል ስለሆነ ኃጢአት መሥራት መቻል መጉደል መቻል ነው፤ መጉደል መቻል ደግሞ ከሁሉን ቻይነት ጋር ይጣላል ሲል አስረዳ።

መልሱ ያማረ ነው። ግን ሁሉንም ክፋት ከብርጭቆ መሰበር ጋር ያስተካክላል፤ ይህ ደግሞ ልክ አይደለም። ሐሰተኛ ማኅተም የሚቀርጽን ሰው እንመልከት። ጎማውን መርጦ፣ ፊደሉን ገልብጦ፣ በምላጭ ጫፍ እየፋቀ፣ ዳር ዳሩን ከእውነተኛው እስከማይለይ ያስተካክላል። እጁ የሠለጠነ ነው፤ ዓይኑ ትዕግሥተኛ ነው። ነገሩ የዓላማ መጉደል ነው ብንል እንስማማለን። ነገር ግን ማኅተሙን የመቅረጽ ችሎታ ራሱ ችሎታ አይደለም ማለት አያስኬድም፤ ያው እጅ እውነተኛውንም ይቀርጻልና። አንሰልም የፈጻሚውን ጉድለት በትክክል አይቷል፤ የድርጊቱን አቅም ግን አብሮ ጠርጎ ጣለው።

ይህን ክፍተት አጥርቶ ያሳየው አሜሪካዊው ኔልሰን ፓይክ በ1969 ባወጣው ጽሑፍ ነው። ፓይክ «ኃጢአት» የሚለውን ቃል ትቶ በተጨባጭ ነገር ይጠይቃል፤ አንድ ንጹሕ ሕፃን በረኀብ ቀስ በቀስ ተሠቃይቶ እንዲሞት ማድረግስ? ይህ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ለእኛ አገር አንባቢ የወረቀት ምሳሌ አይደለም፤ የ1977 ዓ.ም.ን ረኀብ የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ፊት ያውቅለታል። ዝናብን የሚያዝ አካል ዝናቡን መከልከል እንዴት ይሳነዋል? ካልተሳነው ደግሞ ያንን ሞት ማምጣት በአቅሙ ውስጥ ነው። ድርጊቱ ኃጢአት መባሉ አቅሙን አይቀንሰውም።

የፓይክ ትልቁ ውለታ ግን «እግዚአብሔር ኃጢአት ሊሠራ አይችልም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሦስት የተለያየ ነገር እንደሚናገር ማሳየቱ ነው። አንደኛው የማዕረግ ነው፤ «አምላክ» የሚለው ስም የሚሰጠው ፍጹም መልካም ለሆነ ብቻ ከሆነ፣ ኃጢአት የሠራ በዚህ ስም አይጠራም። ስለ ስያሜው እንጂ ስለ አካሉ አቅም ምንም አልተነገረም። ሁለተኛው የአቅም ነው፤ ጉልበቱ የለውም ማለት ነው። ሦስተኛው የጠባይ ነው፤ ጉልበቱ እያለው ልቡ እሺ አይለውም ማለት ነው። ፓይክ ሁለተኛውን ይጥልና በሦስተኛው ይረጋል፤ አምላክ ይችላል፣ ግን ጠባዩ አያደርገውም።

አማርኛ ለዚህ ሦስተኛው «አለመቻል» የታወቀ አነጋገር አለው፤ «አንጀቴ አልቻለም» እንላለን። ልጇን ለመቅጣት አለንጋ አንሥታ የመለሰች እናት «አንጀቴ አልቻለም» ብትል ክንዷ ዝሎ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቃት የለም። ያልቻለው ክንድ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱን አለመቻል ጉድለት ብለን አንጠራውም፤ እናትነቷ የሚታወቀው በዚሁ ነው። ሆኖም ለሰው ሲነገር ይህ አነጋገር ዋስትና የለውም። አንጀት ይጨክናል፤ ረኀብ፣ ዕብደት፣ ፍርሃት ያጨክኑታል። በሰው ውስጥ ጉልበትና ርኅራኄ ከተለያየ ምንጭ የሚቀዱ ስለሆኑ አንዱ ቆሞ ሌላው ሊወድቅ ይችላል። ፓይክ በአቅምና በጠባይ መካከል ያሰመረው መስመር ከዚህ ከሰው ልምድ የተወሰደ ነው።

መስመሩ ወደ ፈጣሪ ሲሻገር ይጸናል ወይ? እኔ አይጸናም ባይ ነኝ፤ እዚህ ላይ ከፓይክ እለያለሁ። አኩዊናስ በዚያው ሃያ አምስተኛ ጥያቄ ውስጥ ሲያልፍ የጣላት አንዲት አሳብ ከዋናው መልሱ ትበልጣለች፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ኃይል፣ ፈቃድ፣ ጥበብና ጽድቅ አንድ ናቸውና በጽድቁ ፈቃድ ውስጥ ሊገኝ የማይችል ነገር በኃይሉ ውስጥም አይገኝም። በአንድ በኩል የተከማቸ ጉልበት፣ በሌላ በኩል ጉልበቱን የሚጠብቅ ጠባይ የለም። ጠባዩን የሚያጨክን ከውጭ የሚመጣ ረኀብም ፍርሃትም የለም። እንዲህ ባለ አካል ላይ «አይችልም» እና «አንጀቱ አይችልም» አንድ ይሆናሉ።

ያም ሆኖ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ሳንደብቅ መክፈል አለብን። በ2001 ፈላስፋው ዌስ ሞሪስተን ያነሣው ሙግት ቀላልና ጠንካራ ነው። ሁለት አካላት እናስብ። አንደኛው መልካሙን ሁሉ ማድረግ ይችላል፤ ሁለተኛው መልካሙን ሁሉ ከዚያም ላይ ክፉውን። በችሎታ ብዛት ማን ይበልጣል? ሁለተኛው። እንግዲህ በባሕርይው መልካም የሆነ አካል ከዚህ በላይ ሊታሰብ የማይችል ኃያል አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ቲ. ጄ. ማውሰን ክፉ ማድረግ መቻል ኃይል ሳይሆን ለውድቀት መጋለጥ ነው ብሎ መለሰ፤ የአንሰልም መልስ በአዲስ ልብስ ነው። የማኅተም ቀራጩ እጅ ግን አሁንም በፊታችን ነው። ሁሉን ቻይነት የችሎታዎች ዝርዝር ከሆነ፣ ዝርዝሩ የረዘመለት ያሸንፋል፤ አሸናፊውም ሞሪስተን ነው። የሚያከራክረን ዝርዝሩ ራሱ ልክ መሆኑ ነው።

ወደዚያ ከመሻገራችን በፊት ባስራን ማየት ይገባል። በላቲን ዓለም ገና ማንም በዚህ ላይ ሳይበረታ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ሙዕተዚላ የተባለው የእስልምና ነገረ መለኮት ወገን የባስራ ሊቃውንት ጉዳዩን እስከ ጥጉ ወስደውታል። ኢብራሂም አል-ነዛም እግዚአብሔር ግፍ የማድረግ ችሎታ አለው ተብሎ ሊነገርለት አይገባም አለ። አጎቱና መምህሩ አቡ አል-ሁዘይል ግን ይችላል፣ ከጥበቡና ከምሕረቱ የተነሣ ግን አያደርገውም ሲል መለሰለት። ፓይክ የገባበት ክርክር ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ በመምህርና በተማሪው መካከል ተደርጎ ነበር ማለት ነው። ከዚያው ከባስራ፣ ከሙዕተዚላ ትምህርት ወጥቶ፣ አቡ አል-ሐሰን አል-አሽዐሪ መጣ። የእርሱ ወገን ጥያቄውን ከሥሩ ነቀለው። ፍጥረት ሁሉ የእርሱ ነው፤ በገዛ ንብረቱ ላይ የፈለገውን የሚያደርግ ግፈኛ አይባልም። ከእርሱ በላይ ሕግ ሰጪ ስለሌለ «ግፍ» የሚለው ቃል በእርሱ ላይ ትርጉም የለውም።

አል-አሽዐሪ ከመምህሩ ከአል-ጁባኢ ጋር ስለተለያየበት ምክንያት የሚነገረው ትውፊት ከለቅሶ ቤታችን ሩቅ አይደለም። ሦስት ወንድማማቾች ሞቱ፤ አንዱ ጻድቅ፣ አንዱ ኃጥእ፣ አንዱ ሕፃን። ጻድቁ ከፍ ያለ ማዕረግ ሲያገኝ ሕፃኑ፣ «እኔስ እድሜ ብትሰጠኝ ጽድቅ በሠራሁ ነበር» ይላል። መልሱ፣ «ብታድግ ኃጢአተኛ እንደምትሆን ስላወቅሁ የሚበጅህን አደረግሁልህ» የሚል ነው። ያን ጊዜ ኃጥኡ ከእሳት ውስጥ፣ «እኔንስ ለምን በሕፃንነቴ አልወሰድከኝም?» ብሎ ይጮኻል። አል-ጁባኢ መልስ አጣ ይባላል። የታሪኩ ጡጫ የሚያርፈው እያንዳንዱን ሞት በስሌት ሊያስረዱ በሚሞክሩ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ አል-አሽዐሪ ልክ ነው። የሕፃንን ሞት እንደ ሒሳብ ማስታረቅ ጨካኝ ሥራ ነው።

መድኃኒቱን ግን አልቀበለውም። ባለንብረት ስለሆነ ማንኛውንም ቢያደርግ መልካም ነው ካልን፣ «እግዚአብሔር መልካም ነው» የሚለው ምስጋና «እግዚአብሔር የሚያደርገውን ያደርጋል» ከማለት አይለይም። ምስጋናው ባዶ ይሆናል። አብርሃም ስለ ሰዶም ከሃምሳ ጻድቃን ጀምሮ እስከ ዐሥር ድረስ እያወረደ ሲከራከር፣ ክርክሩ የቆመው የምድር ሁሉ ዳኛ ጻድቁን ከኃጥእ ጋር ሊያጠፋ አይገባውም በሚል መሠረት ላይ ነው። ዳኛውን በዳኝነቱ ይዞታል። «ንብረትህ ነው፣ እንደ ወደድህ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ በሃምሳው ላይ ባለቀ ነበር። መጽሐፉ አብርሃምን አልነቀፈውም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። እንግሊዛዊው ካቶሊክ ፈላስፋ ፒተር ጊች በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ክርስቲያኖች ሁለት ቃላት ተምታተውባቸዋል ብሎ ተከራከረ። አንደኛው በነገር ሁሉ ላይ ሥልጣን ያለው ማለት ነው፤ ሁለተኛው ማንኛውንም ነገር ማድረግ የሚችል ማለት ነው። እንደ ጊች አባባል ለእምነት የማይቀረው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ፈላስፎች ከቃሉ የመዘዙት ሲሆን በየትኛውም መንገድ ቢተረጎም ወይ ይፈርሳል ወይ ሐሰት ይሆናል። የግሪኩ የሃይማኖት ጸሎት «ፓንቶክራቶር» ይላል፤ መያዝንና መግዛትን ከሚናገር ግሥ የወጣ ቃል ነው። ላቲኑ «ኦምኒፖቴንስ» ብሎ ተረጎመው፤ መቻልን ከሚናገር ግሥ። የምዕራቡ ሊቃውንት ከዚያ ወዲህ ስለ «መቻል» ሲጨነቁ ኖሩ።

ጊች ግዕዝ አንብቦ ቢሆን ኖሮ ምስክር ባገኘ ነበር። በቅዳሴያችን የሚነበበው የሃይማኖት ጸሎት አብን «አኃዜ ኵሉ» ይለዋል። «አኀዘ» የአማርኛው «ያዘ» ነው፤ ሁሉን የያዘ ማለት ነው። የግሪኩን ቃል ሥር ከሥሩ ይዞ ያስቀረ ትርጉም ነው። ግዕዝ ሌላም ስም አለው፤ «ከሃሌ ኵሉ»፣ ሁሉን የሚችል። ሁለቱም ስሞች በጸሎታችን ውስጥ አሉ፤ ልዩነታቸውን ግን ብዙ ጊዜ ሳናስተውል እናልፋለን። አማርኛ ተናጋሪው ሁለቱንም በ«ሁሉን ቻይ» ጠቅልሎ ይይዛል።

ይህ ስለ ቃል የሚደረግ ቅንጦት እንዳይመስል። «ከሃሌ ኵሉ»ን እንደ ዝርዝር ከተረጎምነው፣ የማይችለው አንድ ነገር በተገኘ ቁጥር ስሙ ይሸረሸራል። «አኃዜ ኵሉ» ግን ዝርዝር አይደለም። ከእጁ የሚያመልጥ ነገር የለም፣ በእርሱ ላይ የሚበረታበት የለም ማለት ነው። ሁሉን የያዘ አካል ቃሉን ማፍረስ ባይችል ሥልጣኑ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ቃሉን ሊያስለውጠው የሚችል ኃይል የለም ማለት ስለሆነ ሥልጣኑ ተረጋገጠ። ሐዋርያው እግዚአብሔር ሊዋሽ እንደማይችል ሲጽፍ አማኙ መልሕቅ እንዲያገኝ ብሎ ነው፤ በአምላክ ላይ ገደብ ለማበጀት አይደለም። ሰው ቃሉን የሚያጥፈው በአብዛኛው ስለሚፈራ፣ ስለሚቸግረው፣ ወይም ያልጠበቀው ነገር ስለሚደርስበት ነው። ሙዕተዚላዎችም ግፍ የሚመነጨው ካለማወቅ ወይም ከችግር ነው ሲሉ ይህንኑ አይተዋል። ሁሉን የያዘን ግን ምን ይቸግረዋል? ፍጹም መልካምነትና ፍጹም ሥልጣን በዚህ መልኩ ሲታዩ ተቃራኒ ከመሆን አልፈው አንዱ ሌላውን ይጠራል።

እስከዚህ የመጣ አንባቢ ነገሩ ተፈታ ሊል ይችላል። አልተፈታም። በጣም የሚያስጨንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ስለ እግዚአብሔር ያሰብነው መፍትሔ ስለ ሰው የምንለውን ያናጋብናልና።

ክፋት ለምን ኖረ ስንባል የምንሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ሰው ነጻ ፈቃድ ተሰጥቶታል፣ መልካምነት ዋጋ የሚኖረው ክፉ ማድረግ እየተቻለ ሲተው ነው። በአሜሪካ አልቪን ፕላንቲንጋ በ1974 በዘመናዊ ሎጂክ አጠናክሮታል። በእኛም አገር በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጻፈ የሚነገረው የዘርአ ያዕቆብ «ሐተታ» ሰው መልካምም ክፉም ይሆን ዘንድ በራሱ ላይ ገዢ ሆኖ ተፈጠረ ይላል። (መጽሐፉን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ኢጣሊያዊ ሚስዮናዊ ራሱ ጻፈው ብሎ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ተከራክሯል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመት ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊነቱ ጠበቃ ሆነው ኖረዋል። የአሳቡ ክብደት በጸሐፊው ማንነት ላይ አይንጠለጠልም።) ነገር ግን ከላይ የተናገርነው እግዚአብሔር ክፉ ማድረግ ሳይችል ፍጹም መልካም ነው የሚል ነበር። ክፉ የማይችል መልካምነት በእርሱ ዘንድ ከሁሉ የሚበልጥ መልካምነት ከሆነ፣ ለእኛ ለምን አልሰጠንም? ክፉ መቻል ለመልካምነት የግድ ከሆነ ደግሞ የእርሱ መልካምነት ምን ይባላል? አንዱን እጅ ስናስር ሌላው ይፈታል።

ለዚህ የማውቀው የተሻለ መልስ የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አባት የጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነው። ፍጡር ካለመኖር ወደ መኖር የመጣ ነው፤ ሕልውናው ራሱ በለውጥ ጀመረ። ስለዚህ በተፈጥሮው ተለዋዋጭ ነው፤ መልካምነቱም እንደ ፈጣሪ በባሕርይ ያለ ሳይሆን እየሄደ የሚደርስበት ነው። የማይናወጥ መልካምነት ከፈጣሪ በቀር በመነሻው ላይ የማንም ሊሆን አይችልም፤ ለሰው ሊሆን የሚችለው በመድረሻው ላይ ነው። ይህ መልስ ግጭቱን ያላላዋል፤ የፈጣሪና የፍጡር መልካምነት በአንድ ሚዛን ላይ አለመቀመጣቸውን ያሳያል። መንገዱ ለምን ይህን ያህል ደም እንደሚያስከፍል ግን አይነግረንም። የስድስት ዓመቱ ልጅም በማንም ክፉ ፈቃድ አልሞተም፤ በሽታ ነው የወሰደው።

እዚህ ጋ ሲደርሱ ሥልጣንን መተው የመረጡ አሉ። ጀርመን ተወላጁ አይሁዳዊ ፈላስፋ ሐንስ ዮናስ በ1984 በቱቢንገን ባደረገው ንግግር፣ ከአውሽቪትዝ በኋላ መልካምና ሁሉን ቻይ የሆነ አምላክ ልንረዳው የምንችል አምላክ ሊሆን አይችልም ብሎ ሁሉን ቻይነትን ተወ፤ እግዚአብሔር ዓለምን ሲፈጥር ኃይሉን ከራሱ አወጣ አለ። የዮናስ እናት በአውሽቪትዝ ነው የተገደለችው። እንዲህ ያለ ሰው ሲናገር ቆም ብሎ መስማት ይገባል። ምርጫ ከሆነም ምርጫው ትክክል ነው፤ ከሁለቱ አንዱ መቅረት ካለበት መልካምነት መቅረት የለበትም። ኃይል ብቻ ያለው ሊፈራ ይችላል፣ ሊመለክ ግን አይገባውም። የማልስማማው በምርጫው ግዴታነት ነው። ዮናስም እንደ ሞሪስተን ኃይልን ጣልቃ የመግባት ችሎታ ብቻ አድርጎ ይለካል።

የእኛ ቋንቋ ሌላ መለኪያ አስቀምጧል። «ቻለ» ከግዕዙ «ክህለ» የመጣ ነው፤ በአማርኛ ግን መሸከምንና መታገሥን ጨምሯል። ቻይ ሰው ስንል ጉልበተኛ ማለታችን አይደለም፤ በደልን ውጦ፣ ሸክምን ተሸክሞ ያልተሰበረ ማለታችን ነው። በአንድምታ ልማድ ብንፈታው ቻይ ማለት ከሃሊ፣ አንድም ታጋሽ ነው። ሁለተኛው ፍቺ የደካማ ሰው ማጽናኛ ብቻ አይደለም። የተሸከመውን እንዲጥል የሚያስገድደው ሲበዛ የሸካሚው አቅም ይታወቃል። ክርስትና በስቅለት ቀን የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ሁሉን የያዘው በሥጋ ተያዘ፣ ቻለውም። በዚህ አተረጓጎም ክፉ ማድረግ አለመቻልና ክፉን መቻል ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። ሞሪስተን ያሰለፋቸውን ሁለቱን አካላት እንደገና ብናሰልፋቸው፣ ክፉውን የሚጨምረው ለአንድ ነገር አቅም ያጥረዋል፤ በደል ሲደርስበት ወደ በዳይነት ሳይዞር እስከ መጨረሻው ለመሸከም። ዝርዝሩ የረዘመለት በዚህ ሚዛን ይቀላል።

ይህ ቃል የእናትየዋን ጥያቄ አልመለሰም፤ ልጁ ለምን እንደሞተ አይናገርም። «እሱ ይቻለው» ማለቷ ግን እብደትም ክህደትም እንዳልሆነ ያስረዳል። ሸክሙን ሊሸከም ወደሚችለው፣ ሊከፋባትም ወደማይችለው ነው የጣለችው። ደካማ ቢሆን አትጥለውም ነበር፤ ክፉ ቢሆንም አትጥለውም ነበር።

በነገረ መለኮት ኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ክፍሎች ይህን ጥያቄ ለምታስተምሩ አንድ ልመና አለኝ። ትምህርቱን ከላቲኑ «ኦምኒፖቴንስ» በተቀዳው ትርጉም አትጀምሩ። ተማሪው በየቅዳሴው የሚሰማውን «አኃዜ ኵሉ»ን፣ በየለቅሶው የሚሰማውን «ቻይው»ን ይዞ ነው ክፍል የሚገባው፤ ክርክሩን ከዚያ አንሡለት።